ከፍ ያለ ትሮፖኒን የበሽታ ስም ነውን? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የሚከተሉትን ሦስቱን አንድ ላይ ያወጣናቸው፣ ጸሐፊዎቹ ባይተዋወቁም የሚጠይቁት ስለ አንድ የደም ምርመራ በመሆኑ ነው። አንባቢ እንዳይደናገር የበሽታ ኮዶቹን በግእዝ ፊደል ጽፈናቸዋል፤ «አይ» እና «አር» የሚሉት የኮዶቹ መነሻ ፊደላት ናቸው።

ጥያቄ፦ «ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በሚገኝ ቢሮ ውስጥ ለአሜሪካ ሆስፒታሎች የሕክምና ኮዲንግ፣ ማለትም ሐኪም የጻፈውን ወደ በሽታ ኮድ የመቀየር ሥራ፣ እሠራለሁ። በቅርቡ በሳንባ ምች ተኝቶ የታከመ የአንድ የኩላሊት ሕመምተኛ መዝገብ ደረሰኝ። ትሮፖኒኑ ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሁለቱም ጊዜ ከወሰን በላይ ሆኗል። ሐኪሙ የጻፈው ግን ‹ትሮፖኒን ከፍ ብሏል፤ ምናልባት ከኩላሊቱ የተነሣ› የሚል ብቻ ነው። እኔ የላቦራቶሪውን ውጤት አይቼ የድንገተኛ የልብ ሕመም ኮድ የሆነውን አይ 21.4 ሰጠሁ፤ ኦዲተሩ ስሕተት ነው ብሎ መለሰው። አንዱ ባልደረባዬ አር 79.89 ነው ይላል፤ ሌላዋ አይ 5ኤ ነው ትላለች። ትክክሉ የቱ ነው?»
የኮዲንግ ሠራተኛ፣ ከሜክሲኮ

መልስ፦ ኦዲተሩ ትክክል ነው። ከሁለቱ ባልደረቦችዎ መካከል ደግሞ በእጅዎ ያለው ጽሑፍ የሚደግፈው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛዋ እንደ ሐኪም አስባ ከሆነ ግምቷ የሚናቅ አይደለም፤ ችግሩ ኮድ ሰጪ እንደ ሐኪም ማሰብ የማይፈቀድለት መሆኑ ነው።

ትሮፖኒን በልብ ጡንቻ ሕዋስ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ሲሆን ሕዋሱ ሲጎዳ ወደ ደም ይወጣል። ስለዚህ ከወሰን በላይ የሆነ ውጤት የሚነግረን ጡንቻው መጎዳቱን እንጂ ምን እንደጎዳው አይደለም። ከጎረቤት ግቢ ጭስ ቢታይ ቤት እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል፤ ቡና እየተቈላም ሊሆን ይችላል። የኩላሊት ሕመም፣ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያውክ የሚመጣ ከባድ ሕመም)፣ በሳንባ የደም ሥር ውስጥ የሚቀረቀር የረጋ ደም፣ የልብ ጡንቻ ብግነት፣ እጅግ የፈጠነ የልብ ምት፣ ስትሮክ፣ ሌላው ቀርቶ ማራቶን ሮጦ መጨረስ ትሮፖኒንን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። የአውሮፓና የአሜሪካ የልብ ሕክምና ማኅበራት ከዓለም የልብ ፌዴሬሽን ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት አራተኛው ዓለም አቀፍ ፍቺ፣ ማዮካርዲያል ኢንፋርክሽን (የልብ ጡንቻ ደም አጥቶ መሞት) ተከሥቷል ለማለት የትሮፖኒኑ መጠን የጤናማ ሰዎች 99 በመቶ ከሚያርፉበት ወሰን ማለፉ ብቻ በቂ እንዳልሆነ በግልጽ አስቀምጧል። መጠኑ በተከታታይ ልኬት ሲወጣ ወይም ሲወርድ መታየት አለበት፤ በተጨማሪም ለልብ ጡንቻ ደም እንዳነሰው የሚያሳይ ማስረጃ፣ ለምሳሌ የደረት ሕመም፣ አዲስ የኢ ሲ ጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ንድፍ) ለውጥ ወይም በምስል ምርመራ የታየ የጡንቻ እንቅስቃሴ ጉድለት ያስፈልጋል። እርስዎ አይ 21.4 ሲሰጡ እነዚህን ሁሉ ተሟልተዋል ብለው በሐኪሙ ስም ፈርመዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ኮዶቹ እንምጣ። አር 79.89 አይ ሲ ዲ 10 በተባለው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች መለያ ዝርዝር የአሜሪካ እትም «ሌሎች ተለይተው የተገለጹ የደም ኬሚስትሪ ግኝቶች» የሚባለው ሲሆን፣ ሐኪሙ «ትሮፖኒን ከፍ ብሏል» ከማለት ያላለፈ እንደሆነ የሚሰጠው እርሱ ነው። ይህም ቢሆን ከላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ተነሥቶ አይሰጥም፤ ተኝቶ ለታከመ ሰው የወጣው የአሜሪካ መመሪያ፣ ሐኪሙ ግኝቱ ትርጉም እንዳለው ካላመለከተ በስተቀር ያልተለመደ ውጤትን ኮድ ማድረግን ይከለክላል። በእርስዎ መዝገብ ሐኪሙ ነገሩን አንሥቶ ምክንያት ስለፈለገለት ይህ ቅድመ ሁኔታ ተሟልቷል። አይ 5ኤ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ በደም እጥረት ሳይሆን በሌላ ምክንያት ለሚደርስ የልብ ጡንቻ ጉዳት የተዘጋጀ ነው። እርሱን ለመስጠት ሐኪሙ «የልብ ጡንቻ ጉዳት» የሚለውን ቃል ራሱ መጻፍ አለበት፤ ያደረሰው በሽታ ከታወቀም ቀድሞ ይጻፋል። አይ 21.ኤ1 ደግሞ ለዓይነት 2 ኢንፋርክሽን፣ ማለትም እንደ ዓይነት 1 የደም ቧንቧ ድንገት ተዘግቶ ሳይሆን የልብ ጡንቻ የሚፈልገውና የሚያገኘው ኦክስጅን ሳይመጣጠን ቀርቶ ለሚደርስ ኢንፋርክሽን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2017 ጀምሮ የተሰጠ ነው። እዚህም መንሥኤው፣ ለምሳሌ ደም ማነስ ወይም ሾክ (የደም ዝውውር እጅግ መዳከም)፣ በቅድሚያ ይመዘገባል። ሐኪሙ «ዓይነት 2 ኤንስቴሚ» (ኤንስቴሚ በኢ ሲ ጂው ላይ ኤስ ቲ የተባለው የንድፉ ክፍል ከፍ ሳይል የሚከሠት ኢንፋርክሽን ነው) ብሎ ቢጽፍ እንኳ የሚሰጠው አይ 21.ኤ1 ብቻ ነው፤ ይህ ብዙ ጀማሪዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው። እርስዎ የሰጡት አይ 21.4 ኢ ሲ ጂው ላይ ኤስ ቲ ከፍ ሳይል ለሚከሠት ኢንፋርክሽን ሲሆን፣ ሐኪሙ ያንን ምርመራ በስሙ ጠርቶ ካልጻፈው አይነካም።

«ምናልባት» የሚለውን ቃል ልብ ብለው ከሆነ ጥሩ አስተውለዋል። ተኝቶ ታክሞ በወጣ ሰው የመጨረሻ ማጠቃለያ ላይ «ሊሆን ይችላል» ተብሎ የተጻፈ በሽታ እንደተረጋገጠ ተቈጥሮ ኮድ ይሰጠዋል፤ በተመላላሽ ሕክምና ግን አይሰጠውም። በእርስዎ መዝገብ ውስጥ ግን «ምናልባት» የተነገረው ስለ መንሥኤው እንጂ ስለ በሽታው ስም አይደለም፤ የበሽታ ስም ጭራሽ የለምና ይህ ደንብ አያድንዎትም።

ማድረግ የነበረብዎ ለሐኪሙ ኩዌሪ፣ ማለትም የማብራሪያ ጥያቄ፣ መላክ ነው። «ዶክተር፣ ይህ ዓይነት 2 ኢንፋርክሽን አይደለም ወይ?» ብሎ መጠየቅ መልሱን በአፍ ማጉረስ ስለሆነ፣ አሂማ እና አክዲስ የተባሉት የአሜሪካ የሙያ ማኅበራት ያወጡት የኩዌሪ መመሪያ አይቀበለውም። ይልቁንም በመዝገቡ ያለውን ብቻ ይደርድሩ፦ ሁለቱ ልኬቶች ከነሰዓታቸው፣ የኢ ሲ ጂው ንባብ፣ የኩላሊት ሕመሙ ደረጃ፣ የሳንባ ምቹ። ከዚያ «የትሮፖኒኑ ከፍታ በእርስዎ ክሊኒካዊ አስተያየት ምንን ያመለክታል?» ብለው፣ ሊሆኑ የሚችሉትን ምርመራዎች፣ «ሌላ» የሚለውን፣ እንዲሁም «መወሰን አይቻልም» የሚለውን በአማራጭነት ያቅርቡ። ስለ ክፍያ አንድም ቃል አይጻፍ። ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሜዲኬር (በአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን በሚሰጠው የጤና መድን) የክፍያ ሥርዓት አይ 21.4ም ሆነ አይ 21.ኤ1 በተጓዳኝ በሽታነት ሲመዘገቡ ከከባድ ተጓዳኝ ችግሮች ተርታ ስለሚሰለፉ የሆስፒታሉን ክፍያ ከፍ ያደርጋሉ፤ አይ 5ኤ በአንድ ደረጃ ዝቅ ይላል፤ አር 79.89 ግን ምንም አይጨምርም። ማስረጃ የሌለው አይ 21.4 በአሜሪካ የሐሰት የክፍያ ጥያቄ ሕግ ፊት ሊያስጠይቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ «በመሀል አዲስ አበባ በሚገኝ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በጠቅላላ ሐኪምነት እሠራለሁ። የካርድ ክፍል ባልደረቦቻችን ለወርሃዊ ሪፖርት የምንጽፈውን በሽታ መለየት አልቻልንም እያሉ ያማርራሉ፤ በተለይ ትሮፖኒን ያዘዝንላቸውን ታካሚዎች። በተረኛ ሌሊት ግን ረጅም ሐተታ መጻፍ የማይታሰብ ነው። ቢያንስ ቢያንስ ምን ልጻፍ?»
ጠቅላላ ሐኪም፣ ከአራዳ

መልስ፦ አንድ መስመር ይበቃል፤ ነገር ግን መስመሩ ሙሉ መሆን አለበት። ይህን ይመስላል፦ «ትሮፖኒን ቲ ከምሽቱ 4 ሰዓት 24፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት 96 ናኖግራም በሊትር፣ ወሰኑ 14፤ የደረት ሕመም ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ፤ ኢ ሲ ጂ ላይ አዲስ የኤስ ቲ መውረድ፤ ምርመራ፦ ዓይነት 1 ኤንስቴሚ።» ካርድ ክፍል ያለችው ባለሙያ ይህን አንብባ የምትጠይቅዎ ነገር አይኖርም። የዲያሊስስ ታካሚ ሆኖ መጀመሪያ 58፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ 60 ያሳየው ደግሞ፣ የመጠኑ ለውጥ 4 በመቶ እንኳ ስላልሞላ፣ ሌላ ማስረጃ ከሌለ «በኩላሊት ሕመም ምክንያት ሥር የሰደደ የልብ ጡንቻ ጉዳት፤ ኢንፋርክሽን አይደለም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። «አይደለም» የሚለውን መጻፍ ብዙ ሐኪሞች እንደ ትርፍ ያዩታል። በእኔ ግምት ግን በዚያ መስመር ላይ ካሉት ቃላት ሁሉ በኋላ ለሚመጣው አንባቢ የሚጠቅመው እርሱ ነው።

በዚያ መስመር ውስጥ ሰዓቱን ከነ«ምሽቱ» እና ከነ«ሌሊቱ» የጻፍኩት ለወግ አይደለም። ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሆስፒታል መዝገብ ስመረምር፣ የመጀመሪያውን ደም የቀዳችው ነርስ በእጇ «4:00» ብላ ጽፋለች፤ የምሽቱን አራት ሰዓት ማለቷ ነው። ሁለተኛው ውጤት ከመሣሪያው ታትሞ የወጣ ሲሆን መሣሪያው በፈረንጅ ሰዓት ይሠራ ስለነበር «01:00» ይላል፤ ይህም በእኛ የሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። ጠዋት የተረከበው ሐኪም ሁለቱን ወረቀቶች በሰዓታቸው ቅደም ተከተል ሲያስቀምጥ አንድ ሰዓት ከአራት ሰዓት ቀደመበት፤ ሲወጣ የነበረው ትሮፖኒን በመዝገቡ ላይ ሲወርድ ታየ። በመካከላቸው ያለው ልዩነትም እንደ አጋጣሚ ልክ ሦስት ሰዓት ስለመጣ የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም። ሐኪሙ «እየተሻለው ነው» ብሎ ጻፈ። ስሕተቱ የተገኘው ታካሚው ሕመሙ ብሶበት ሦስተኛ ደም ሲቀዳለት ነው። ትሮፖኒን መውጣት መውረዱ የምርመራው ግማሽ አካል በሆነበት ሁኔታ፣ ስድስት ሰዓት የሚለያዩ ሁለት ሰዓቶችን በአንድ ማኅደር ውስጥ ማኖር ከመጥፎ የእጅ ጽሕፈት ይልቅ አደገኛ ነው። ክፍላችሁ ከሁለቱ አንዱን ይምረጥና ይጽና፤ ያ እስኪሆን ድረስ «ሕመሙ ከጀመረ በሁለተኛው ሰዓት፣ በአምስተኛው ሰዓት» ብሎ መጻፍ ከየትኛውም ሰዓት አቈጣጠር ጋር አይጋጭም።

መለኪያው ሌላው ወጥመድ ነው። የቆዩ መሣሪያዎች ውጤቱን በናኖግራም በሚሊሊትር ሲሰጡ፣ ከፍተኛ ትብነት ያላቸው አዳዲሶቹ በናኖግራም በሊትር ይሰጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ሺህ እጥፍ ነው። የአንዱ 0.04 የሌላው 40 ነው። ከአንድ ክሊኒክ 0.06 ተጽፎለት ሪፈር የተደረገ ታካሚ እናንተ ጋ 48 ቢያሳይ፣ መለኪያውን ያላየ ሰው ስምንት መቶ እጥፍ ጨመረ ብሎ ይደነግጣል፤ በአንድ መለኪያ ሲቀመጥ ግን 60 እና 48 ነው። እርሱም ቢሆን የሚነጻጸረው ሁለቱ ላቦራቶሪዎች አንድ ዓይነት መሣሪያ ከተጠቀሙ ብቻ ነው፤ ትሮፖኒን አይ እና ትሮፖኒን ቲ የተለያዩ ፕሮቲኖች ስለሆኑ አንዱን ከሌላው ጋር በመስመር አያይዞ «ወጣ» ወይም «ወረደ» ማለት አይቻልም። ወሰኑም እንደ መሣሪያው ይለያያል፤ በሰፊው በሚሠራበት አንድ የትሮፖኒን አይ ምርመራ ለሴቶች 16፣ ለወንዶች 34 ናኖግራም በሊትር ነው፤ ለከፍተኛ ትብነት ትሮፖኒን ቲ ደግሞ 14 ነው። ስለዚህ ወሰኑን ከቁጥሩ አጠገብ ይጻፉት።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በተለምዶ «የልብ ድካም» የምንለው ልብ ደም የመርጨት አቅሙ ሲያንሰው ነው። በሬዲዮና በጋዜጣ ግን ድንገተኛው የልብ ሕመም፣ ማለትም ኢንፋርክሽን ራሱ፣ በዚሁ ስም ሲጠራ እንሰማለን። ታካሚ «የዛሬ ሁለት ዓመት ልብ ድካም ይዞኝ ነበር» ሲልዎ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ሳይጠይቁ ከጻፉት፣ በአይ ሲ ዲ 10 አንዱ ወደ አይ 50፣ ሌላው ያለፈ ኢንፋርክሽን ወደሚመዘገብበት ወደ አይ 25.2 ይሄዳል፤ ሁለቱ በሪፖርትም በሕክምናም ይለያያሉ። «ያን ጊዜ እግርዎ አብጦ ትንፋሽ ያጥርዎ ነበር ወይስ ደረትዎን ድንገት ጨምድዶ ያዘዎት?» የሚል አንድ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ይለየዋል።

ከቀን አቈጣጠራችን የሚመጣ ሌላ ስሕተትም አለ። ኢንፋርክሽን በያዘው ሰው ላይ በ28 ቀናት ውስጥ ሌላ ኢንፋርክሽን ቢደርስበት ሁለተኛው አይ 22 ይሰጠዋል፤ ካለፈ ግን እንደ አዲስ ወደ አይ 21 ይመለሳል። የመጀመሪያው ነሐሴ 20፣ ሁለተኛው መስከረም 15 ቢሆን፣ ጳጉሜን ዘሎ የቈጠረ ሰው 25 ቀን ነው ብሎ አይ 22 ይሰጣል። አምስቷን የጳጉሜን ቀናት የቈጠረው ደግሞ 30 አግኝቶ አይ 21 ይሰጣል፤ ትክክሉም የኋለኛው ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ በአዲስ ዓመት ሰሞን መዝገብ የሚመረምር ሰው ግን ደጋግሞ ያየዋል።

ቀደም ባለው መልስ የጠቀስኳቸው አይ 5ኤ እና አይ 21.ኤ1 የአሜሪካው እትም ጭማሪዎች ናቸው፤ በዓለም ጤና ድርጅት አይ ሲ ዲ 10 ውስጥ የሉም። የትሮፖኒን ከፍታ ብቻውን እዚያ የሚያርፈው በአር 79.8 ሲሆን የኢንፋርክሽን ዓይነት 1ን ከዓይነት 2 የሚለይ ኮድ የለም። ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አይ ሲ ዲ 11 ድንገተኛ ኢንፋርክሽንን በቢ ኤ 41 ሥር አስቀምጦ ኤስ ቲ ከፍ ያለበትንና ያላለበትን ይለያል። ለካርድ ክፍል የሚያቀብሉት ኮድ ዓይነቱን መሸከም ካልቻለ ጽሑፍዎ ይሸከመው።

ጥያቄ፦ «እናቴ በከባድ ትኩሳትና በልብ ምት መፍጠን ሳቢያ አራት ቀን ተኝታ ታክማ ወጣች። በመውጫ ወረቀቷ ላይ በምርመራ ቦታ የተጻፈው ‹ከፍ ያለ ትሮፖኒን› የሚል ብቻ ነው። የመሥሪያ ቤቴ ኢንሹራንስ ‹ይህ በሽታ አይደለም› ብሎ ወረቀቱን መለሰው። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ‹ልብ ድካም ብለው እንዲያስተካክሉት ለምኚ› ይለኛል። ምን ላድርግ? እናቴስ የልብ በሽተኛ ናት?»
የአራት ኪሎ ነዋሪ

መልስ፦ እናትዎ የልብ በሽታ ይኑርባቸው አይኑርባቸው ከደብዳቤው መናገር አይቻልም፤ የሚናገረው ያከማቸው ሐኪም ነው። ኢንሹራንሱ ግን በቃል ደረጃ አልተሳሳተም፤ የተጻፈው ግኝት እንጂ በሽታ አይደለም፤ ትኩሳቱን ያመጣው ነገርም በቦታው የለም። የዘመድዎን ምክር አይቀበሉ። ክፍያ ለማግኘት ተብሎ የገባ የልብ በሽታ ስም ክፍያው ከተረሳ በኋላም በማኅደራቸው ይኖራል፤ ነገ ለቀዶ ሕክምና ቢቀርቡ ሰመመን ሰጪው ያንን አንብቦ ይጠነቀቅላቸዋል ወይም ቀጠሮውን ያራዝማል።

ያከማቸውን ሐኪም ሄደው «እባክዎ ለትሮፖኒኑ ከፍታ ምክንያት ነው ያሉትንና ዋናውን ምርመራ በጽሑፍ ይግለጹልኝ» ብለው ይጠይቁ፤ እንዲህ ይጻፍ ብለው ግን አይጠቁሙ። ማብራሪያው በነባሩ ወረቀት ላይ ተደልዞ ሳይሆን የተጻፈበትን ቀን፣ የሐኪሙን ስምና ፊርማ ይዞ እንደ ተጨማሪ ማስታወሻ ሊገባ ይገባል። የሚሰረዝ ነገር ቢኖር እንኳ ሥሩ እንዲነበብ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ በፍሉይድ የተነካ ወረቀት ኢንሹራንስ ፊት የባሰ ጥርጣሬ ይፈጥራል። ድንገተኛ ክፍል የሚሠሩ ሐኪሞች ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየሩ ቀኑን አያርዝሙት፤ ሲሄዱም የእናትዎን የካርድ ቁጥርና የሁሉንም የትሮፖኒን ልኬቶች ወረቀት ከነመለኪያውና ከነሰዓቱ ይያዙ።